የዳልቻ ዓይንና የዛሪማ መንገድ

ዓይኗን የታመመች ድመት ታቅፎ ሰው ፊት መቆም ምን ያህል እንደሚያሳፍር የማያውቅ ካለ፣ እግዜር አያሳውቀው። በሬ ቢታመም ጎረቤቱ ሁሉ ያዝናል። በቅሎ ብታነክስ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ መድኃኒት ይናገራል። ድመቴ ታመመችብኝ ያልህ እንደሆነ ግን ሰው መጀመሪያ የሚመረምረው የድመቲቱን ዓይን ሳይሆን ያንተን ራስ ነው። እኔም ይህን ስለማውቅ ዋሸሁ። ውሸቲቱ ስትነሣ ትንሽ ነበረች። ውሸት ግን እንደ ሊጥ ነው፤ ከድነኸው ሄደህ ስትመለስ ክዳኑን አንሥቶ ይጠብቅሃል።

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ነው። ጣሊያን ከወጣ ቆይቷል፤ መንገዱና ማኪናው ግን ቀርተውልን ነበር። ቤቴ ጎንደር፣ ከአራዳ ዝቅ ብሎ ነው። ሥራዬ ብራና መፋቅ ነበር። የፍየል ቆዳ እዘፈዝፋለሁ፣ በእንጨት ላይ እወጥራለሁ፣ እፍቃለሁ፣ ነጭ ሆኖ ሲያበራ ለጸሐፊዎች እሰጣለሁ። ስንት ዳዊት፣ ስንት ድርሳን በእኔ ብራና ላይ ተጽፏል፤ እኔ ግን ያን ጊዜ ሀ እና ለ በመንገድ ቢያገኙኝ ሰላም አልላቸውም ነበር፤ አላውቃቸውማ። ጎረቤቶቼ «አያ፣ አንተ እኮ ማሩን ሳትቀምስ ቀፎ የምትሠራ ሰው ነህ» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ፊደል የቆጠርሁት በሽምግልናዬ ነው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ አንዳንድ ቦታ ቢያነክስ፣ ዘግይቶ ድክ ድክ ያለ ነውና ታገሡት።

ብራና ባለበት አይጥ አለ፤ አይጥ ካለ ድመት ያስፈልጋል። የኛ ቤት ድመት ጠጉሯ አመድማ ስለሆነ ዳልቻ ትባላለች። የኛ ቤት አልሁ እንጂ ዳልቻ የእኔ አልነበረችም፤ የባለቤቴ የእናኑ ናት። እናኑ ስትቀመጥ ጭኗ ላይ ትወጣለች፤ እናኑ ስትነሣ ትከተላለች፤ እኔን እንደ ምሰሶ ነው የምታየኝ፤ ሲያሳክካት መጥታ ትታከከኛለች፣ ከዚያ ትሄዳለች።

ያን ዓመት እናኑ ጥምቀት እንዳለፈ ከሊማሊሞ በታች ወዳለው የወላጆቿ አገር፣ ወደ ዛሪማ ወረደች። የእናቷ ዓይን ጨርሶ ጠፍቶ፣ አባቷም ሞተው፣ አሮጊቷ ብቻቸውን ቀርተው ነበር። «ወደ ጎንደር ላምጣዎት» ብትላቸው «ፍየሌን ለማን ትቼ?» አሉ። አንዲት ፍየል ናት ያለቻቸው። እንግዲህ በአንዲት ፍየል የተነሣ እኔ ሚስት አጣሁ። በቆዳዋ አልተቀየምሁም እንጂ በፍየል ወገን ሁሉ አዝኛለሁ።

እናኑ ማኪናው ላይ ልትወጣ ስትል ዳልቻን በሁለት እጇ አንሥታ እጄ ላይ አስቀመጠችና «አደራህን። ስመለስ እንደተውኋት ላግኛት» አለችኝ። ስለ እኔ ግን ለዳልቻ ምንም አደራ አልሰጠቻትም።

ለፋሲካ እመጣለሁ ብላ ነበር። ፋሲካ መጣ፣ እሷ አልመጣችም። ከዚያ ክረምቱ የሊማሊሞን መንገድ ዘጋው። መስቀል አለፈ፣ ጥቅምትም አለፈ። ከደባርቅ በኩል የጭነት ማኪና ጡሩምባ ሲሰማ እኔ መፋቂያዬን አቆማለሁ፤ ዳልቻም ጆሮዋን ወደ በሩ ታዞራለች። ማኪናው በሩን አልፎ ይሄዳል። ሁለታችንም እንዳልሰማ ሰው ወደ ሥራችን እንመለሳለን።

«ምነው ደብዳቤ አልጻፍህላት?» ትሉኝ ይሆናል። ጻፍሁ እንጂ! ማለት መሪጌታ ይትባረክ ጻፉልኝ። መሪጌታ ጎረቤቴ ናቸው፤ ብራናም የሚወስዱት ከእኔ ነው። ጥምጣማቸውን አስተካክለው፣ ብዕራቸውን ነክረው፣ «ምን ልበልልህ?» ይሉኛል። እኔ ጥፍሬን አያለሁ። በልቤ ያለው ሌላ ነው። በልቤ ያለው፣ ሳላስበው ለሁለት ሰው እቆርሳለሁ፣ አንዱ ይተርፈኛል፣ ነው። ነጠላዋን ከመስቀያው አላነሣሁትም ነው። ግን መሪጌታን የሚያህል ሰው ፊት ተቀምጦ «ናፈቀችኝ» ይባላል? «ጤንነቷን ጠይቁልኝ» እላለሁ። እሳቸው በግእዝ ይከፍቱታል፣ እንደ ሰማይ ከዋክብት እንደ ባሕር አሸዋ የበዛ ሰላምታ ያፈሱበታል፣ መጨረሻ ላይ «እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን» ብለው ይዘጉታል። እናኑም ዛሪማ ላይ ለቄስ ታስነብበዋለች። ደኅና ከሆነ ምን ያስቸኩለኛል ትላለች። እንዲህ ሦስት ደብዳቤ ሄደ። በሦስቱም ደኅና ነበርን።

ኅዳር ሲገባ ግን ይህች ሴት አሁንስ ሳትመጣ አትቀርም የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ቤቱን አስመረግሁ። ለዳልቻም አሰብሁላት። የምትተኛው በአሮጌ የነጠላ ቅዳጅ ላይ ነበር። እናኑ ስትመጣ ድመቷ ደልቷት ታግኛት ብዬ፣ ከድብ ባሕር አንድ ወዳጄ ባመጣልኝ አዲስ የገብስ ገለባ ፍራሽ ሠራሁላት። እንዲያ ያለ ሸጋ ፍራሽ ለራሴም አልነበረኝ።

በሦስተኛው ቀን የዳልቻ ቀኝ ዓይን ተጨፈነ። ውሃ ያወርዳል፣ ቀልቷል፣ ስትከፍተውም ላዩ ላይ ነጣ ያለ ነገር ይታያል። «እንደተውኋት ላግኛት» ያለችው ጆሮዬ ላይ ጮኸ። ሴትዮዋ ያንድ ሰው ዓይን ሲጠፋባት ዐሥር ወር ርቃለች፤ ቤቷ ስትመለስ ሌላ የጠፋ ዓይን ቢቆያት ምን ብላ ልትቀመጥ ነው?

ሐኪም ቤት ሄድሁ። ዓይኑን የታመመው ሰው ዛፉ ሥር ተኮልኩሏል። እኔ ሁለት ጤነኛ ዓይን ይዤ መሐላቸው ስቀመጥ ሌባ መሰልሁ። ተራዬ ደርሶ ገባሁ። ድሬሰሩ ነጭ የለበሰ፣ ፈጣን ሰው ነው።

«ምንዎን ነው?»

«እኔ አይደለሁም። የቤት ሰው ናት። ቀኝ ዓይኗ።»

«ያምጧታ!»

«ከቤት አትወጣም። ፀሐይ ይጎዳታል።»

«ዕድሜዋ?»

«አምስት» አልሁ። ለካ እውነት እንዲህ ሳታስበው አፍህን ከፍታ ትወጣለች።

«ሕፃን ናታ!»

«የለም፣ ወልዳለች።»

ብዕሩን አስቀመጠ። «ምን አሉ?»

«ሃያ አምስት ለማለት ነው» አልሁ።

«ስንት ልጅ አላት?»

«በመጀመሪያው አራት። በሁለተኛው አምስት።»

ሰውዬው ብዕሩን መልሶ አነሣ። ከዚያ «እግዜር ያሳድግላት» አለና የዓይን ቅባት ሰጠኝ። «ጧትና ማታ ሽፋኗን ገልብጠው ይቀቡላት። ትታገሥ ይበሏት።»

እላታለሁ አልሁ። አልኋትም። አልታገሠችም። ቅባቱ ከዓይኗ በቀር ያልደረሰበት የለም፤ ጺሜ ላይ፣ ምሰሶው ላይ፣ አንዱ ብራና ላይ ጭምር። እጄ እንደ ታረሰ መሬት ተተለተለ።

በሁለተኛው ቀን ጎረቤታችን አበቡ እጄን አየችው። አበቡ አፈ ቀላል፣ ሳቂታ፣ ያን ጊዜ ወንድ ልጅ የምታጠባ ሴት ናት። «አያ፣ ምነው እጅህ?» አለች። «ዓይን የታመመ ሰው አለብኝ፤ ቅባት ስቀባ ትታገለኛለች» አልሁ። ማን ናት ብትለኝ ምን ልላት ነበር? እሷ ግን ወዲያው «ቅባት ምን ያደርጋል? የወንድ ልጅ እናት ጡት ወተት ነው መድኃኒቱ!» ብላ ዞር አለችና ስኒ ውስጥ አልባ አመጣችልኝ። እንዲያ ያለች ደግ ናት። አመስግኜ ተቀበልሁ። ገብቼ ጠብ ጠብ ባደርግላት፣ ዳልቻ ምላሷን እስከ ቅንድቧ ዘርግታ ላሰችው። የወረደውን ሁሉ ላሰች። ስኒውን ላሰች። ዓይኗ አንዲት ጠብታ አልደረሰውም። በማግስቱ አበቡ «ተሻላት?» ስትለኝ «በጣም ወዳዋለች» አልሁ። «መውደድ ምን ማለት ነው?» አለች። እኔ ወደ ቤቴ ገባሁ።

ከዚያ ወዲያ ወሬው ከሐኪም ቤቱም ከደጄም እግር አወጣ። በኛ አገር ዓይን የታመመ ሰው ብርሃን አይየው ተብሎ ከጨለማ ይተኛል፤ ጠያቂም በር ላይ ቆሞ «እግዜር ይማርሽ» ብሎ ይመለሳል። ይህ ሸጋ ልማድ ነው፣ እኔን ያዳነኝ እሱ ነው። የጎረቤት ሴቶች እየመጡ ከበሩ ውጭ «እግዜር ይማርሽ እኅቴ!» ይላሉ። ዳልቻ ከውስጥ ድምፅ ስትሰማ ጊዜ ትጮኻለች።

«ወይኔ! ድምጿም ተዘግቷል» ትላለች አንዷ።

«ምግብ ትቀምሳለች?»

«ትንሽ ሥጋ» እላለሁ።

«በጾም?» የነቢያት ጾም ገብቶ ነበር። «ሕመምተኛ ናት» እላለሁ። «አዎን፣ ለሕመምተኛ አይከለከልም» ይሉና ጥብስ ይልካሉ። ዳልቻ በዚያ ጾም እንደ በላችው እኔ በፋሲካም በልቼ አላውቅ።

ዓይኑ ግን ባሰበት። ከቤታችን በታች ካለው ጠበል በቅል ቀድቼ አመጣሁና ስሟን ሳልጠራ፣ እግዜር ማንነቷን ያውቃል ብዬ፣ ፊቷ ላይ ረጨሁ። አይ ያን ቀን! ዳልቻ ከመሬት ተነሥታ አየር ላይ ሦስቴ ዞረች። ስትወርድ ያረፈችው ለመሪጌታ ዳዊት ብዬ በወጠርሁት ብራና ላይ ነው። የሁለት ሳምንት ሥራዬ ነበር። በአራት እግሯ ከላይ እስከ ታች ገመሰችው።

መሪጌታ ብራናቸውን ሊያዩ ሲመጡ ከደጅ አቆምኋቸውና አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አደረጉ።

«ይህን ማን አደረገው?»

«ሕመምተኛዋ ናት፣ መሪጌታ። ጠበል ስረጫት ዘላ…»

«በእጇ?»

«በእጇም በእግሯም።»

መሪጌታ አማተቡ። «ይህ የዓይን ሕመም ብቻ አይደለም፣ ልጄ። ቅባትም ወተትም አይመልሰው። ክታብ ያሻታል።» ከዚያው ከተቀደደው ብራና ቁራጭ ወሰዱ። ቁጭ ብለው ብዕር ነከሩ። «የክርስትና ስሟን ንገረኝ።»

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው የተያዝሁት። ክታብ ያለ ክርስትና ስም አይጻፍም። ድመት ደግሞ ክርስትና አትነሣም። «እንጃ» ብል ማን እንደሆነች የማላውቃትን ሴት ቤቴ አስተኝቻለሁ ማለት ነው። መሪጌታ ብዕራቸውን አንሥተው ይጠብቃሉ። ቀለሙ ሊንጠባጠብ ነው። አፌ ተከፈተ።

«ወለተ ሐና» አልሁ።

ወለተ ሐና የእናኑ የክርስትና ስም ነው። መሪጌታ አያውቁትም፤ በደብዳቤው ላይ እናኑ ብለው ነው የሚጽፏት። ጻፉት። ክታቡን በቀይ ቆዳ ሰፍቼ በዳልቻ አንገት አሰርሁት። ካሰርሁት በኋላ ፈራሁ። ሚስቱን በቁሟ ከድመት አንገት ያሰረ ሰው ከኔ በፊት ይኑር አይኑር አላውቅም።

በሳምንቱ ደብዳቤ የሚያደርስልኝ ሹፌር አስፋው ሊሰናበተኝ መጣ፤ በማግሥቱ ወደ ዛሪማ ሊወርድ ነው። በሬ ላይ ሴቶች ተሰብስበው «ያቺን ምስኪን እግዜር ይማራት» ይላሉ፤ አበቡ ስኒዋን ይዛለች።

«አያ፣ ማን ታመመብህ?» አለኝ አስፋው።

«የቤት ሰው ናት።»

«እናኑ ዛሪማ አይደለችም እንዴ?»

እኔ ደግሞ አእምሮዬ ላይ ያለው የድመቷ ዓይን ብቻ ነው። ክንዱን ጨብጬ «አስፋው፣ በናትህ፣ ይህን ነገር እንዳትነግራት! ለማንም ንገር፣ ለእናኑ ግን እንዳትነግር!» አልሁት።

ሹፌርን «ለሚስቴ እንዳትነግር» ማለት ጡሩምባ አቀብሎ እንዳትነፋ ማለት ነው። ይህን ዛሬ አውቄዋለሁ።

ከዚያ ስድስት ቀን ሆነ። ረፋድ ላይ ተቀምጬ እፍቃለሁ። ከደባርቅ በኩል ጡሩምባ ተሰማ። መፋቂያዬን አቆምሁ፤ ዳልቻ ባንድ ዓይኗ ወደ በሩ አየች። ማኪናው ሲያልፍ እጠብቃለሁ። አላለፈም። በራችን ላይ ቆመ።

መጀመሪያ ፍየል ገባች። ዱላ ከኋላዋ ገባ። ከዱላው በኋላ አማቴ፣ የእናኑ እናት፣ እንደ እመቤት ቀጥ ብለው ገቡ። ዓይናቸው አያይም፤ ዱላቸው ግን ያያል፤ የብራና መወጠሪያዬን በመጀመሪያው ምት አገኘው።

«የታለች?» አሉ። «ልጄ ባሏን ስትነጠቅ ቁጭ ብዬ አላይም! ማየቱንስ አላይም፤ ቁጭ ብዬ አልሰማም! የታለች አንተ!»

አማቴ በዐሥር ዓመት ጋብቻችን አንድም ቀን አንተ ብለውኝ አያውቁም፤ ሁልጊዜ አንቱ ነበርሁ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ።

እናኑ በመጨረሻ ገባች። አቧራ ለብሳለች፤ ከሳ ብላለች። አላየችኝም። ዓይኗ መስቀያው ላይ ነው። ነጠላዋ እንደ ተወችው አለ። ጫፉን በጣቷ ዳሰሰችው። ከዚያ «ሃያ አምስት ዓመቷ ነው አሉ» አለች ቀስ ብላ። «የዘጠኝ ልጆች እናት ናት አሉ። ዛርም አለባት አሉ። በጾም ሥጋ ታበላታለህ አሉ። የሰው ጡት ታጠባታለህ አሉ። እኔ ዐሥር ወር ስቀመጥ ‘ደኅና ነን’ የሚል ወረቀት ነው የላክህልኝ። ደኅናነታችሁን አየሁት። አውጣትና ልያት።»

ወደ ጓዳ ልገባ ተነሣሁ። አላስፈለገም። ዳልቻ ድምጿን ሰምታ ከጓዳ ወጣች፤ ጅራቷን አቁማ፣ ክታቧን አንገቷ ላይ አድርጋ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና። በአማቴ እግር ታከከችና እናኑ ክንድ ላይ ልትወጣ ዘለለች።

«ይህች ናት» አልሁ።

«ማን?»

«ሕመምተኛዋ። ሌላ የለም። ጓዳውን እዪው።»

አላየችውም። ድመቷን አየች፤ እጄን አየች፤ የተተለተለውን ብራና አየች። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ሲጀምር አለቀሰች ብዬ ደነገጥሁ። ሳቅ ነው። እንዲያ ስትስቅ ከጥምቀት ወዲህ አላየኋትም ነበር። አማቴ ብቻ ዱላቸውን አላወረዱም፤ «ምንድን ነው? ምን ያስቃል? ንገሩኝ!» ይላሉ። ነገረቻቸው። አማቴ ቁጭ አሉና «አምጧት» አሉ።

በኛ አገር በአውድማ ጊዜ ዓይን ውስጥ የገባ ጉድፍ በምላስ የሚያወጡ ሴቶች አሉ። አማቴ በዚህ የታወቁ ነበሩ፤ ዓይናቸው ከጠፋም ወዲህ ሰው ከሩቅ ይመጣላቸዋል፤ ምላስ ብርሃን አይሻም። ዳልቻን ጭናቸው ላይ አስተኝተው በሁለት ጣት ሽፋኗን ከፈቱ፤ ጎንበስ አሉ። እኔን የቧጨረች፣ ብራና የቀደደች፣ ጠበል የሸሸች ድመት ዝም አለች። ምናልባት እናቷ የላሰቻት መስሏት ይሆናል። አማቴ ቀና አሉ፤ ከምላሳቸው ጫፍ አንዲት ቀጭን ነገር በጣታቸው አነሡና ወደ እኔ ዘረጉ።

«እንኩ» አሉኝ። አንቱታዬ ተመለሰ።

ከገብስ ራስ ላይ የምትወጣው እሾህ ናት፤ ከጠጉር አትበልጥም። እናኑ ወደ ጓዳ ገብታ ፍራሹን አንሥታ ወጣች። «ይህን ማን ሠራ?»

«እኔ። ስትመጪ ደልቷት እንድታገኚያት ብዬ።»

ልትስቅ ስትል ክታቡን አየችው። ፈትታ በእጇ ያዘችው። «ይህስ?» አለች። ጩኸቱን ሰምተው መሪጌታ መጥተው ነበር፤ ከኋላቸው አበቡና ሴቶቹ ሁሉ። እናኑ ክታቡን ለመሪጌታ ሰጠቻቸው። «ያንብቡልኝ፤ ምን ብላችሁ ነው ያሰራችኋት?»

መሪጌታ የድመቷን አንገትና ክታቡን ሲያዩ የሆኑትን መናገር አልችልም። ቢሆንም መሪጌታ ናቸው፤ የተጻፈውን ያነባሉ። ስፌቱን ተርትረው «አድኅና ለአመትከ ወለተ ሐና እምሕማመ ዐይን» አሉ። «አገልጋይህን ወለተ ሐናን ከዓይን ሕመም አድናት፣ ማለት ነው።»

እናኑ ወደ እኔ ዞረች። ሳቋ ጠፍቷል።

«የኔን ስም? ለድመት?»

ለዐሥር ወር ጥፍሬን ያየሁት ይበቃል። ቀና አልሁ። «ስም ንገረኝ ሲሉኝ ሌላ አልመጣልኝም» አልኋት። «ከጥምቀት ወዲህ አፌ ላይ ያለው እሱ ብቻ ነው።»

እናኑ ነጠላዋን ከመስቀያው አወረደች፣ ለበሰችው፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። መሪጌታ ክታቡን አጠፉት።

«ምነው ይህን በደብዳቤው ጊዜ አላልኸኝም?» አሉኝ።

አበቡ ደግሞ ከበሩ ላይ ስኒዋን እያየች «ቆይ፣ ቆይ… ወተቴን የጠጣችው ማን ናት?» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስክንሸመግል ድረስ ባየችኝ ቁጥር «አያ፣ የጡት ልጄ ደኅና ናት?» ሳትለኝ አልፋ አታውቅም። ልጇ አድጎ ሚስት ሲያገባ እንኳ «እኅቱን ጥሯት፣ ሥጋ ትወዳለች» ብላ ሰርገኛውን አስቃለች።

የዳልቻ ዓይን ዳነ፤ ጥግ ላይ እንደ ጤፍ ፍሬ ያለች ነጭ ነጥብ ብቻ ቀረባት። እናኑ ተመልሳ አልሄደችም፤ ፍየሏ መጥታ የለ? አማቴ ከኛ ጋር ኖሩ፤ ከኛው ተቀበሩ። ፍየሏም ስትሞት ቆዳዋን እኔ ፋቅሁት፤ መሪጌታ ዳዊታቸውን ጨረሱበት። ቂሜን በዚያ ጣልሁ።

እናኑ ካረፈች ዓመታት አልፈዋል። ፊደል መማር የጀመርሁት ከዚያ በኋላ ነው። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የራሱን ስም መጻፍ ይማራል፤ እኔ ግን አስተማሪዬን ወለተ ሐና እንዴት እንደሚጻፍ አሳየኝ አልሁት። አሁን «ናፈቅሽኝ» ብዬ መጻፍ እችላለሁ፤ ማንም መሪጌታ ፊት መቀመጥ የለብኝም። የሚያደርስልኝ ሹፌር ነው ያጣሁት።

ክታቧ ከምሰሶው ላይ ተሰቅላለች፤ አይጥ አልነካትም። ከዳልቻ ዘር አንዲት አመድማ ድመት አለችኝ። በየጧቱ ፊቷን በሁለት እጄ ይዤ ወደ ብርሃን አዞራታለሁ። ሁለቱም ዓይኖቿ እንደ ምንጭ ውሃ የጠሩ ናቸው። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ «ምናለ አንዷን ትንሽ ብታስለቅሻት» እላታለሁ። ከዚያ ከደባርቅ በኩል ጡሩምባ ይሰማል፤ እኔ እጄን አቆማለሁ፣ እሷም ጆሮዋን ወደ በሩ ታዞራለች።